የማናውቀውን ፈርተን የምናውቀውን አቅፈን እንተኛለን



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

መልእክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቤተሰብ ግሩፕ ወይም በሰፈር ልጆች ቻናል ይመጣል። «ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ መተኛት የአንጎል ካንሰር ያመጣል» ይላል። ሌላው «ዋይፋይ የልጆችን አእምሮ እየጎዳ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ጣሪያ ላይ የተተከለ አንቴና ፎቶ ለጥፎ «እየገደሉን ነው» ይላል። ከሥሩ «ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ፣ አጅሩን ከአላህ ታገኛላችሁ» የምትል መስመር አትጠፋም። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ከየት እንደመጣም አይታወቅም። እናቶቻችን ግን ያነቡና ይደነግጣሉ። እኛ ደግሞ ወይ ሳናነብ ሼር እናደርገዋለን፣ ወይ «እነዚህ ሰዎች ደግሞ» ብለን ስቀን እናልፈዋለን።

ዛሬ የምንተዋወሰው በዚህ ላይ ነው። እርግጡ ባልታወቀ ጉዳት ፊት አንድ ሙስሊም ምን ማድረግ አለበት? ይፍራ? ይተወው? ሰው ያስጠንቅቅ? ዝም ይበል?

ጥያቄው ለሐኪምና ለኢንጂነር ብቻ የሚተው አይደለም፤ ሁለት አማናዎች ስላሉበት የኛም ነው። አንደኛው አማና ሰውነታችን ነው። ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንወረውር ሱረቱል በቀራ 195ኛው አንቀጽ ላይ ተከልክለናል። ስለዚህ «ሞት እንደሆነ አይቀርም» ብሎ ጉዳትን መናቅ ተወኩል አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት ነው ያዘዙት። ሁለተኛው አማና አንደበታችን ነው። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ሌላ ምስክር እንደማያስፈልገው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ዛሬ አንደበታችን አውራ ጣታችን ላይ ወርዷል። ፎርዋርድ የምትለዋን ቁልፍ የሚጫነው ጣት ከሚናገር ምላስ በምንም አያንስም።

ወሬውን ወደ ባለቤቱ መመለስ

ሱረቱ አን-ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ ብዙ ጊዜ የማናስተውለውን አንድ ባሕርይ ይነቅፋል። የሚያረጋጋም ሆነ የሚያስፈራ ወሬ ሲሰሙ ሳያጣሩ የሚነዙ ሰዎችን ነው። መድኃኒቱንም እዚያው እናገኘዋለን፤ ነገሩን መርምረው እውነቱን ማውጣት ለሚችሉት ማቅረብ። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ውሸት ወሬ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ባለቤቱ ሳያየው በየሰዉ ጆሮ መግባቱ ነው።

ስለዚህ የስልክን ነገር ወደ ባለቤቶቹ እንመልሰው። የሚያውቁት ምን ይላሉ?

ስልክ፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚሠሩት በራዲዮ ሞገድ ነው። የራዲዮ ሞገድ የብርሃን ዘመድ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ ውስጥ እንደ ኤክስሬይና ጋማ ያሉት ጨረሮች ከአተም ላይ ኤሌክትሮን የመንቀል አቅም አላቸው። የሴላችንን ዲኤንኤ ሊሰብሩ ስለሚችሉም ለካንሰር እንደሚዳርጉ በእርግጥ ይታወቃል። የራዲዮ ሞገድ ግን እያንዳንዷ ቅንጣቱ የምትይዘው ጉልበት ዓይናችን ከሚያየው ተራ ብርሃን እንኳ በእጅጉ ያነሰ ነው። «ጨረር» የሚለው ቃል ስለሚያስደነግጠን ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን እንጂ በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት አለ።

የራዲዮ ሞገድ በሰውነት ላይ እንደሚያደርስ በእርግጠኝነት የተረጋገጠው ነገር ሙቀት ነው። ኃይሉ ሲበዛ ሥጋን ያሞቃል። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ ነው። ግን ምድጃው የሚጠቀመው 1000 ዋት ገደማ ኃይል ነው፤ ያውም ተዘግቶ። ስልክ በአማካይ የሚለቀው ግን አንድ ዋት እንኳ አይሞላም። አገሮች ለዚህ ገደብ አውጥተዋል። በአውሮፓ ለምሳሌ ጭንቅላት የሚቀበለው ከ2 ዋት በኪሎግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ገደቡ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳልሆነ በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ) ፈረንሳይ ውስጥ ታይቷል። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አይፎን 12 እጅ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ሲሆን ከተፈቀደው 4 ዋት በኪሎግራም አልፎ 5.74 እንደደረሰ ለክቶ ሽያጩን አስቆመ። ኩባንያውም ሶፍትዌሩን አስተካከለ። አንድ የሚቆጣጠር ለካ፣ አገኘ፣ አስቆመ። ማጣራት ማለት እንዲህ ነው።

«የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ካንሰር ያመጣል ብሏል» የሚለውስ? ይህ ወሬ ግማሽ እውነት ያለበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በግንቦት 2011 (እ.ኤ.አ) በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሚገኘው፣ በድርጅቱ ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የራዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው መጠን አይደለም። ትርጉሙ «አንዳንድ ምልክት አይተናል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን አይበቃም፤ ይጠና» ማለት ነው። በዚያው ምድብ ውስጥ የእሬት ቅጠል ጭማቂም አለ፤ በእስያ ባህላዊ መንገድ በጨው የሚዘጋጅ አትክልትም አለ።

ይጠና የተባለው ተጠንቷል። በ13 አገሮች ተካሂዶ ውጤቱ በ2010 የወጣው ጥናት በጠቅላላው የአንጎል ዕጢ መጨመርን አላሳየም። እጅግ ብዙ ሰዓት አውርተናል ባሉት ሰዎች ላይ ብቻ ጥርጣሬ የሚያጭር ምልክት ታይቶ ነበር። መልሱ ግን ሰዎች ከዓመታት በፊት ስንት ሰዓት እንዳወሩ በማስታወስ የተሰጠ ስለነበር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «ምክንያቱ ስልክ ነው» ለማለት አልደፈሩም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት በወንዶቹ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ አግኝቷል። አይጦቹ ግን በቀን 9 ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት ያህል፣ መላ አካላቸው ለሞገዱ ተጋልጦ ነው የቆዩት። የሚገርመው ደግሞ የተጋለጡት ወንዶች አይጦች ካልተጋለጡት ይልቅ ረጅም ዕድሜ መኖራቸው ነው። በ2024 ከ250 ሺህ በላይ አውሮፓውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ብዙ በሚያወሩትና ጥቂት በሚያወሩት መካከል የአንጎል ዕጢ ልዩነት አላገኘም። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና 63 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማም ስልክ የአንጎል ካንሰርን እንደማይጨምር የሚያመለክት፣ መካከለኛ እርግጠኝነት ያለው ማስረጃ እንዳለ ደምድሟል።

«መካከለኛ እርግጠኝነት» የምትለዋን ሐረግ ውደዷት። የዕውቀት ሰው አነጋገር ነች። የወሬ ሰው «መቶ በመቶ የተረጋገጠ!» ብሎ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። የዕውቀት ሰው ግን ያየውን ያህል ብቻ ይናገራል፤ ከዕድሜ ልክ አጠቃቀምና ከሕፃናት ጋር በተያያዘ ምርምሩ እንዳልተዘጋም አይደብቅም። ዑለማዎቻችን ከፈትዋቸው መጨረሻ «ወሏሁ አዕለም» የሚሉት ለጌጥ አይደለም።

የሰርግ ምሽት

አላህ ዲናችንን ሙሉ ስላደረገው እርግጥ ባልሆነ ጉዳይ ላይ እንዴት እንደሚወሰን ምሳሌ አጥተን አንቸገርም። ኢማሙ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ።

ዑመር ወደ ሻም እየተጓዙ ሰርግ ከሚባል ቦታ ሲደርሱ አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕና የጦር አዛዦቹ ተቀበሏቸው፤ ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱንም ነገሯቸው። ምን ያድርጉ? በቀጥታ የተነገረ ማስረጃ በቦታው አልነበረም። ዑመር መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነዚህ በአንድ ድምፅ «ሰውን ይዘው ይመለሱ» አሏቸው። ዑመር በማግስቱ እንደሚመለሱ አሳወቁ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሰግተው ሲጠይቁ፣ ዑመር ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱላቸው። አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሉን የሚያሰማራ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ ከአላህ ቀደር እንደማይወጣም በምሳሌ አስረዷቸው። ከዚያ ለጉዳይ ርቀው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጡ። በዚህ ጉዳይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት እንዳለ ተናገሩ፦ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባት፣ ያለንበት አገር ውስጥ ከተነሳ ደግሞ እርሱን ሸሽቶ አለመውጣት። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንያዝ። ዑመር የፍርሃቱን ወሬ በሠራዊቱ መካከል አልበተኑም፤ ማሰብ ለሚችሉት ወሰዱት። ሐሳብ ሲለያይ አልተቆጡም። ሊወስዱት የሚችሉትን እርምጃ ያለ ድንጋጤ ወሰዱ። ዕውቀቱ ያለው ሰው ሲመጣ ደግሞ ሰሙት። በዚያ ምሽት የነበረው ወረርሽኝ ሰው ሲገድል በዓይን የታየ ነበር። በዚያ ላይ እንኳ እንዲህ ከተረጋጉ፣ ባልተረጋገጠው ላይ እኛ እንዴት መሆን አለብን?

ወረዕ እና ወስዋስ

«እሺ፣ ባይረጋገጥም ጥንቃቄ ምን ይጎዳል? ያጠራጠረንን ትተን ወደማያጠራጥረው እንድንሄድ ታዘን የለ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትክክለኛ ሐዲስም ይዟል።

መልሱ ግን ወረዕ አንድ ነገር፣ ወስዋስ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ሶላት ላይ ሳለ ውዱኡ የፈረሰ የመሰለውን ሰው አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያገኝ ድረስ ሶላቱን እንዳያቋርጥ ነግረውታል። ፉቀሃዎች ከዚህ «እርግጥ በጥርጣሬ አይነሳም» የሚለውን ታላቅ መርህ አውጥተዋል። ጥርጣሬ በመጣ ቁጥር የምንሸሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ረከዓ እንኳ መጨረስ ባልቻልን ነበር።

ወረዕ የራስ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ልብን ያረጋጋል። ረጅም ስልክ ሲሆን በስፒከር ወይም በኢርፎን ማውራት ወረዕ ሊሆን ይችላል። ከሞገዱ ምንጭ የሚኖረን ርቀት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳልና ጥቂት መራቅ ብዙ ይቀንሳል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ረጅም ወሬ አለማውራትም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ አንቴናውን ለማግኘት ኃይሉን የሚጨምረው ያኔ ነውና። ብዙ ሰው የሚፈራው የሰፈር አንቴና ቅርብ ሲሆን ስልካችን ኃይሉን ይቀንሳል። ራሳችን ላይ ለጥፈን የምናወራበት ስልክም ማዶ ካለው አንቴና ይልቅ የበለጠውን ሞገድ ይሰጠናል። የወሬውን አቅጣጫ አያችሁት? የሚፈራው አንዱ፣ የሚቀርበን ሌላው።

ወስዋስ ግን ከራስ አልፎ በሰው ላይ ይፈርዳል። «እገሌ ልጁን ገደለ»፣ «እነ እገሌ ሊጨርሱን ነው» ይላል። ልብን አያረጋጋም፤ አዲስ ፍርሃት ይወልዳል። ፍርሃቱ ራሱ ደግሞ ሰውን ያሳምማል። በ2013 በወጣ አንድ ጥናት ላይ 147 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ገሚሶቹ ስለ ዋይፋይ ጉዳት የሚናገር ፊልም አዩ፤ ገሚሶቹ ሌላ ፊልም አዩ። ከዚያ ሁሉም ለ15 ደቂቃ ዋይፋይ ተለቅቆባችኋል ተባሉ። የተለቀቀ ምንም ነገር አልነበረም። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሕመም ስሜት ተሰማን አሉ፤ ስሜቱ ስለበረታባቸው አቋርጠው የወጡም ነበሩ። አስፈሪውን ፊልም አይተው ከበፊቱም ይጨነቁ የነበሩት ደግሞ ባሰባቸው። ሰዎቹ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። ራስ ምታቱ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ሞገዱ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው። እናታችሁ «ይህ ዋይፋይ ከገባ ወዲህ ራሴን ያመኛል» ሲሉ አትሳቁባቸው። ግን ያንን ሕመም ወደ ቤት ያመጣው ምናልባት እኛ የላክነው መልእክት እንዳይሆን ራሳችንን እንጠይቅ።

ከዚህም የከፋ አለ። በሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ) ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ «በሽታውን ያመጣው 5ጂ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ብሪታንያ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የስልክ አንቴናዎች በእሳት ተቃጠሉ፤ የጥገና ሠራተኞች መንገድ ላይ ተሰደቡ። በርሚንግሃም ከተማ ለኮሮና ሕሙማን የተቋቋመውን ሆስፒታል የሚያገለግለው አንቴናም ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። አስቡት፤ ጠያቂ በማይገባበት በዚያ ወቅት በሽተኛ የልጁን ድምፅ የሚሰማው በስልክ ብቻ ነበር። እሳቱን የለኮሰው ሰው ክፉ እየሠራ አልመሰለውም ይሆናል፤ ሰው የሚያድን መስሎት ይሆናል። ወሬውን ሼር ያደረጉት ሺዎችም «ለጥንቃቄ ብለን ነው» ነበር የሚሉት። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ሳናጣራ ብንነሳ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። «ጥንቃቄ ምን ይጎዳል?» ለሚለው መልሱ ይኸው፤ ያልተጣራ ጥንቃቄ ይጎዳል።

የምናውቀው ጉዳትስ?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስልክ ጉዳት የለውም አላልኩም። ስልክ የተረጋገጠ ጉዳት አለው። ግን ስለ እርሱ ማንም በግሩፕ ላይ አይልክልንም።

ጆሮን እንይ። ብሉቱዝ ኢርፎን አንጎል ይጎዳል ብለን እንከራከራለን፤ የብሉቱዝ ሞገድ ደግሞ ከስልኩም እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉ ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በጩኸት ምክንያት መስማት ላለመቻል አደጋ እንደተጋለጡ ይናገራል። ጥፋቱ የሞገዱ ሳይሆን የድምፁ ነው። ለአዋቂ የሚመከረው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ ነው፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ረቂቅ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። ድምፁን የሚጨምረው ጣት የማን ነው?

መንገዱን እንይ። ስልክ እየተጠቀመ የሚያሽከረክር ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ባጃጅ ውስጥ ተሳፍራችሁ ሾፌሩ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ሰክቶ ሲያወራ ስንቶቻችሁ «ወንድሜ፣ እባክህ አቁመህ አውራ» ብላችኋል? ስለ አንቴና የጻፍነው መልእክት ማንንም አላዳነም። ይህች አንዲት ቃል ግን ነፍስ ልታድን ትችላለች።

እንቅልፉን እንይ። ትራስ ሥር ያለ ስልክ ሞገዱ አንጎላችንን ይጎዳ ይሆን ብለን እንሰጋለን። በእርግጠኝነት የምናውቀው ግን ስልኩ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ እንዳላስተኛን ነው። የዒሻ ሶላት ካለፈ በኋላ ለጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ወሬን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይጠሉ ነበር። እኛ ግን ከዒሻ በኋላ ነው ወሬ የምንጀምረው። አንዱ ቪዲዮ ሌላውን ይስባል፤ ስንተኛ ሱብሒ ቀርቧል። አዛኑ ይሰማል፤ ሰውነት አይነሳም። ከራዲዮ ሞገድ ወደ ካንሰር የሚያደርስ መንገድ ሳይንቲስቶች እስካሁን እየፈለጉ ነው። ከዚያ ስክሪን ወደ ባመለጠችን ሱብሒ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ሁላችንም በልባችን እናውቀዋለን።

ታዲያ የሩቁን ፈርተን የቅርቡን ለምን እናቅፋለን? አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፦ የአንቴናው ጥፋት የሌላ ሰው ነው። የኩባንያው ነው፣ የመንግሥት ነው፣ የማናውቃቸው ሰዎች ነው። እርሱን መፍራት ከኛ ምንም አይጠይቅም፤ እንዲያውም ተቆርቋሪ ያስመስለናል። የአውራ ጣታችን ጥፋት ግን የራሳችን ነው። እርሱን ማመን ሙሓሰባ ይጠይቃል። ሰይጣን ሁልጊዜ በክፉ ሥራ ብቻ አይመጣም፤ አንዳንዴ በማይጠቅም ጭንቀት ጠምዶ ከሚጠቅመው ያዘናጋል።

ሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አንቀጽ ሁለቱን ነገር በአንድ ላይ ይዟል። በመጀመሪያ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ይከለክለናል። ወዲያው ደግሞ መስሚያ፣ ማያና ልብ እንደሚጠየቁ ያስታውሰናል። አንቀጹ ለኛ ዘመን የወረደ ይመስላል። ሳናውቅ ያስተላለፍነው ወሬ አለ፤ በጩኸት ያደከምነው ጆሮ አለ፤ በሌሊት ያቃጠልነው ዓይን አለ፤ በፍርሃት የሞላነው ልብ አለ። ቂያማ ቀን የምንጠየቀው የሰፈራችን አንቴና በስንት ሞገድ ይሠራ እንደነበር ሳይሆን፣ ዕድሜያችንን በምን እንደጨረስን፣ ወጣትነታችንንና ሰውነታችንን በምን እንዳደከምን ነው። ጤናና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሸወድባቸው ሁለት ኒዕማዎች መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ስልካችን ሁለቱንም በአንድ እጅ ይዟል።

ለዚህ ሳምንት

ፈትዋ ልሰጥ አይደለም፤ ለራሴም ለናንተም ማስታወሻ ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንሞክር።

አንደኛ፣ የሚያስፈራ መልእክት ሲደርሰን ከመላካችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን ነው ያለው? ባለሙያው ምን ይላል? ብልከው ማን ይጠቀማል? መልስ ከሌለን እኛ ዘንድ ይቁም። ወሬን ማስቆምም ሶደቃ ይሆንልናል ኢንሻአላህ። ለእናት ለአባት ደግሞ «ይህ ውሸት ነው» ብለን ከመሳለቅ አጠገባቸው ተቀምጠን በለሰለሰ ቃል እናስረዳቸው።

ሁለተኛ፣ ከዒሻ በኋላ ስልካችንን ከመኝታችን ራቅ አድርገን፣ ከተቻለ ሌላ ክፍል ውስጥ እናሳድረው። ሞገዱን የሚፈራ ሰው ከሞገዱ ይርቃል፤ የማይፈራም እንቅልፉን ያተርፋል፤ ሁለታችንም ሱብሒን እናገኛለን። አላርም ከፈለጋችሁ ተነስታችሁ እንድታጠፉት እዚያው ሩቅ ይጩህ።

ሦስተኛ፣ የኢርፎኑን ድምፅ ዝቅ እናድርግ፤ መኪና ስንይዝ ወይም አስፋልት ስንሻገር ስልኩን ኪስ ውስጥ እናስገባ። ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱ በኛ እጅ ለገባው ለማናውቀው ሰው ስንል።

የማናውቀውን ለሚያውቁት እንተወው፤ ሲነግሩንም እንስማ። በምናውቀው ደግሞ እንሥራበት፤ ተጠያቂነታችን ባወቅነው ልክ ነውና።

አላህ ሆይ! ጠቃሚ ዕውቀት ስጠን፤ ከማይጠቅም ዕውቀትና ከማይጠቅም ፍርሃትም ጠብቀን። በመስሚያችን፣ በማያችንና በጉልበታችን ዕድሜያችንን ሙሉ አጣቅመን። ምላሳችንንና ጣታችንን በሰው ላይ ጉዳት ከማድረስ ያዝልን። የታመሙትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን አሽርልን። ሱብሒን በጊዜዋ ከሚያገኟት አድርገን። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ካህፍን መቅራት፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓትም በዱዓ እንጠቀምባት፤ ለአንድ ሰዓት ስልኩን ዘግተን ብንሞክረውስ?

ወሏሁ አዕለም።